ጣዕም የነበረው ውሃ

ናርዶስ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ፊቷን በእርጥብ ፎጣ አበሰች፤ ፎጣውን መልሳ ከሳጥኑ ከተተችና እርጥበቱ እንዳይባክን ክዳኑን ገጠመች። ሌሊቱን ስትተነፍስ ያደረችው እንፋሎት የመስኮቱ መስታወት ላይ ጤዛ ሠርቶ፣ ወርዶ፣ ከሥር ባለው ሽንቁር ገብቷል። አፏን አልተጉመጠመጠችም። ቀማሽ ከመቅመሷ በፊት አፏን ምንም ነገር አታስነካም። ነጠላዋን ደረበች። ከበሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ የባሏ የኪሩቤል የሥራ ጃኬት ተሰቅሏል። ከሞተ ዓመት አልፎታል። ወደ ጃኬቱ ሳትመለከት ማለፍን ለምዳለች፤ ዛሬም ሳትመለከት አልፋ ወጣች።

ብሎክ ዘጠኝ ግቢውን በአራቱም ማዕዘን የከበበ ሕንፃ ነው። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በጥቂቱ ዘንበል ብሎ መሐሉ ላይ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ክብ የብረት ሰሌዳ አሉ። ቀማሿ ትቀዳለች፣ ሁሉም እያያት ትጠጣለች፣ ብርጭቆውን ገልብጣ ከሰሌዳው ላይ ታስቀምጠዋለች። ያን ጊዜ በየቤቱ ቧንቧ ይከፈታል።

ውሃው ከብሎኩ አይወጣም። ከመጸዳጃው፣ ከማጠቢያው፣ ከግቢው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ በወንፊቱ ያልፋል፤ ጣሪያ ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ በየቤቱ ይወርዳል። ሜምብሬን የሚሉት የዑደት ቢሮ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ለነዋሪው ወንፊት ነው። ወንዞቹ ከደረቁ ወዲህ ከተማው በሙሉ የሚጠጣው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን።

መጀመሪያ ላይ ሰው አልጠጣም ብሎ ነበር። ቢሮው መሣሪያ አሳየ፣ ቁጥር አሳየ፤ ሰዉ አፉን አዞረ። ኋላ ላይ ከቢሮው ሰዎች አንዱ፣ ጠላ የምታቀርብ ሴት አስቀድማ ለራሷ ቀድታ እንግዳዋ ፊት እንደምትጎነጭ ትዝ አለው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ብሎክ ቀማሽ አለው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው መሣሪያው ነው፤ የቀማሽ ሥራ መታየት ነው። ውሃው ካልተወደደ የሚደረገውም በደንቡ ተጽፏል፤ ብርጭቆውን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። በከተማው እስከዚያ ቀን ያፈሰሰ ቀማሽ አልነበረም።

በየበረንዳው ሰው ቆሟል። ከሁለተኛ ፎቅ ሜላት አራስ ልጇን አቅፋ፣ ባዶ ጡጦ በእጇ ይዛ ትጠብቃለች። ከአራተኛ ፎቅ ጋሽ ያፌት፣ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የበረንዳውን ብረት ተደግፈዋል።

«ቲቸር፣ ትናንት ማታ ማን ሽሮ እንደበላ ዛሬ ንገሪን!» አሉ ጮክ ብለው።

«የእርስዎ ከሆነማ ሳትቀምሰው ይሸታታል!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ። ሰው ሳቀ።

ከሦስተኛ ፎቅ እትዬ ቃልኪዳን አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ናርዶስን ብቻ ይመለከታሉ። «ናርዲዬ፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ እሺ» አሏት። እንዲህ ብለዋት አያውቁም።

ቀዳች። ጠጣች።

ጣዕም ነበረው።

ብዙ አይደለም። ዝናብ ያረፈበት አፈር፤ ከበታቹ የዛፍ ሥር፣ የቅጠል፣ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነገር። የወንፊት ውሃ ምንም ጣዕም የለውም። ሰው ከለመደው በኋላ የራሱን ምላስ እንደ መቅመስ ነው። ናርዶስ ዕድሜዋን በሙሉ ኬሚስትሪ አስተምራለች፤ ጣዕም ማለት ሌላ ነገር ማለት እንደሆነ ታውቃለች። በረንዳዎቹ ይጠብቃሉ።

ብታፈስሰው የሚሆነውን ታውቃለች። ቢሮው ይመጣል። የብሎኩን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ያወጣል፤ በቦቴ ጭኖ ከከተማ ውጭ አሸዋ ላይ ይደፋዋል። ወንፊቱን አጥቦ አዲስ ውሃ ያስገባል። ምክንያት የሆነውን ሰው ከዑደት ያስወጣል። ከዑደት የወጣ ሰው ቧንቧው ይዘጋል፤ ሌላ ብሎክ አይቀበለውም፤ ከኮረብታዎቹ ላይ ካሉት ጋር ሄዶ ይኖራል። ስለ እነሱ ብዙ አይወራም።

ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር፤ ለማንም ያልነገረችው። የብሎክ ዘጠኝን የውሃ ዑደት በእጁ ገጥሞ ያስጀመረው ኪሩቤል ነው። በምድር ቤት ሲሠራ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ትንሽ የዝናብ ውሃ ይጨመርበታል እንጂ ውሃው ተለውጦ አያውቅም። የጠጣው፣ ያላበው፣ ፊቱን የታጠበበት፣ በመጨረሻው ሳምንት ከንፈሩን በጥጥ ያራሰችለት፣ ሁሉም ወደዚያው ተመልሷል። እሱ ከሞተ በኋላ የቀማሽነቱ ቦታ ሲለቅ እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «ጡረታ ላይ ሥራ መፍታት አልወድም» ትላለች።

ብርጭቆውን ገልብጣ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችው። በግድግዳዎቹ ውስጥ ውሃው ሲሮጥ ተሰማ። ሜላት ጡጦዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ናርዶስ ደረጃው ሥር ስትደርስ ከላይ የጋሽ ያፌትን ድምፅ ሰማች። «ኧረ ዛሬስ ውሃው ይጣፍጣል! ማነው ስኳር ያለበት?»

ሰው እንደገና ሳቀ።

*

ወደ ቤቷ አልወጣችም። ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከኪሩቤል በኋላ ወንፊቱን የሚጠብቀው ፊራኦል፣ የቡና ሲኒ በሚያህል ኩባያ የወንፊት ውሃ እየጠጣ የመለኪያው ሰሌዳ ፊት ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ቲቸር! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው ነው። ደህና ነው?»

«ምኑ? ወንፊቱ?» ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው። «እንደ ሙሽራ ነው። ጨው እንኳ አላሳለፈም፤ እንኳን ሌላ።»

«ከወንፊቱ በኋላስ ምን ይለካል?»

«ከወንፊት በኋላ?» ፈገግ አለ። «ከወንፊት በኋላ ምን ይለካል ቲቸር? ንጹሕ ነገር ማን ይጠረጥራል? ቀጥታ ወደ ጣሪያው ነው። እዚያ ደግሞ ሰው አይወጣም። ክዳኑ በቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ያው ጋሽ ኪሩቤል ጋ...» አፉን ያዘ። «ይቅርታ ቲቸር።»

«እኔ ጋ ነው» አለች ናርዶስ። «ማስረከብ ነበረብኝ።»

«ማን ይቸኩላል፤ ማንም አልጠየቀም።»

ደረጃውን ስትወጣ ሆዷን ታዳምጥ ነበር። መጀመሪያ የጠጣችው እሷ ናት። ምንም አልተሰማትም፤ ይህም አላጽናናትም።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ቀና ብላ ወደ ምስማሮቹ ተመለከተች። ምስማሮቹ ሁለት ናቸው። በአንዱ ጃኬቱ፣ በሌላው የማጠራቀሚያው ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ ኪሩቤል ራሱ እንደሰቀላቸው። አሁን የቁልፉ ምስማር ባዶ ነው። ቁልፉ በጃኬቱ አንገት ላይ ተደርቦ ተሰቅሏል። የጃኬቱ ትከሻ ላይ የነበረው አቧራ በአንድ ቦታ ተነክቷል።

ወደዚህ ቤት ሳያንኳኩ የሚገቡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

*

እትዬ ቃልኪዳን ምስር እየለቀሙ ነበር። በሰማንያ ዓመታቸውም ዓይናቸው ደህና ነው። ቀና ሳይሉ፣ «ግቢ፣ ቁጭ በይ፤ ቁርስ እንዳልበላሽ አውቃለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ ያቺ ቢጫ ጀሪካን የታለች?»

«የትኛዋ?»

«እሑድ ያመጡልኝ።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። እሑድ ዕለት ጀሪካኗን ከነጠላቸው ሥር ደብቀው አምጥተውላት ነበር። ጠበል ነው፤ ጠጪው፣ ሐዘኑ ይለቅሽ ብለዋት ነበር። የውጭ ውሃ ወደ ብሎክ ማስገባት ክልክል ነው። ናርዶስ በር ላይ እንደቆመች፣ እትዬ ደግ አይደለም፣ ሰው ሳያይ ይውሰዱት ብላ መለሰቻቸው። እንዳዘኑ አውቃለች፤ ይረሱታል ብላ ነበር።

«ባዶዋ አልጋ ሥር ናት» አሉ።

«የነበረበትስ?»

«የት ላድርሰው ናርዲዬ?» አሁን ቀና አሉ። «ጠበል እኮ ነው። ማጠቢያ ውስጥ ላፍስሰው? ከሰው ሽንት ጋር ላደባልቀው? ጠበል እግር በማይረግጠው አፈር ላይ ነው የሚፈሰው። አፈር ፈልጌ ዞርኩ። ግቢው ሲሚንቶ፣ ደጁ ሲሚንቶ፤ ሁሉም ወደዚያው ጉድጓድ ያዘነብላል። በዚህ ከተማ አንድ ስንዝር አፈር የለም ልጄ። እግር የማይረግጠው ያ ጣሪያው ላይ ያለው ብቻ ሆነብኝ።»

«ቁልፉን ከቤቴ ወሰዱ።»

«ወሰድኩ። መለስኩም።» ድምፃቸው ወረደ። «አንቺ እንቢ አልሽ። አትበዪ፣ አትተኚ። ሰው ባሏ ሞቶ አንዲት ዘለላ እንባ ሳይወጣት ዓመት ይሞላል? ለቅሶ ላይ ያገር ሰው ሲያለቅስ አንቺ ወንበር ታስተካክዪ ነበር። ፈራሁልሽ። በጠዋት የመጀመሪያዋ ጠጪ እሷ ናት፣ ሳታውቀው ይደርሳታል አልኩ። ለሌላውም በረከት ነው።»

ናርዶስ ተቀመጠች።

«ከየት ነው የመጣው እትዬ?»

«ከከተማ ውጭ፤ አለት ሥር ይፈልቃል። ባይኔ አይቻለሁ። እንደ መስታወት ነው።»

«ከአለቱ በላይ ማን ይኖራል?»

እትዬ ቃልኪዳን ዓይናቸውን ወደ ምስሩ መለሱ። «ያው... የወጡት ናቸው» አሉ።

ከዑደት የወጡት ወንፊት የላቸውም። የሚያወጡት ሁሉ መሬት ውስጥ ይገባል። መሬቱ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ናርዶስ ይህን አልተናገረችም፤ ግን አሮጊቷ ከፊቷ ላይ አነበቡት።

«ጠበል ሰው አያሳምምም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመሩ፤ ግን ድንጋዩንም ምስሩንም አንድ ላይ ያስቀምጡ ነበር።

*

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን አለፈ። ሰው ወጣ፣ ገባ፤ ልብስ በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ ታጠበ። ናርዶስ ኮሪደር ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። ከሰዓት በኋላ ከላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ደጋግሞ ሲለቀቅ ሰማች። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልፈለገችም። ሽቅብ የሚያየውን ሰው ሁሉ ፈራች፤ የፊራኦልን ሰሌዳ ፈራች፤ የራሷን ሆድ ፈራች። ከሁሉ የባሰባት ግን ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ጣዕሙ ይጠፋ ይሆናል፤ ዑደቱ ያጸዳዋል፤ ዝም ብትል ሁሉም ባለበት ይቀጥላል፤ እትዬም፣ ውሃውም። ይህን ስታስብ እፎይ ማለቷ አስፈራት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሜላትን በር አንኳኳች። ሜላት ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፈተች። ቤቱ የኮመጠጠ ወተት ይሸታል።

«ቲቸር! ግቢ እንጂ።»

«አልገባም። ልጁ እንዴት ዋለ?»

«ሲያስመልሰው ዋለ። ጥርስ ነው ይሉኛል፤ በዚህ ዕድሜ ምን ጥርስ አለ? እናቴ ብትኖር ታውቀው ነበር።» ለመሳቅ ሞከረች።

«ሜላት፣ ውሃውን አፍልተሽ ስጪው።»

ወጣቷ ትክ ብላ አየቻት። ውሃ የሚያፈላ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ነው። ቤቷ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዕቃ መኖሩም ያጠራጥራል።

«ለምን?» አለች።

«እንዲያው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ለሕፃን ይፈላ ነበር።»

«ውሃው አንድ ነገር ሆኗል እንዴ ቲቸር?»

በኮሪደሩ ላይ ሌላ በር ተከፈተና ተዘጋ። «አይ» አለች ናርዶስ። «አልሆነም።»

ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ራሱን ማቃናት ተስኖት ወደ አንድ ጎን ተኛ። ሜላት በሩን ስትዘጋ ዓይኗን ከናርዶስ ላይ አላነሳችም።

*

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ አበሰች። ፎጣውን ከተተች። አፏን አልተጉመጠመጠችም። በምስማሩ ላይ ያለውን ጃኬት ግን ዛሬ አየችው፤ ቁልፉን ከላዩ አንስታ ኪሷ ውስጥ ጨመረች።

በረንዳዎቹ እንደ ወትሮው ሞልተዋል፤ ቀልድ ግን የለም። ጋሽ ያፌት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል። እትዬ ቃልኪዳን ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሜላት ልጁን በጀርባዋ አዝላ፣ ጡጦውን በሁለት እጇ ይዛለች። ክዳኑን ከፍታዋለች።

ናርዶስ ቀዳች። ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ነካችው። ጣዕሙ ቀንሷል፤ ግን አለ።

መልሳ ወደ ላይ አየች። ጡጦው ባዶ ነበር። ቀማሿ ብርጭቆውን ስትገለብጠው ይሞላል።

አንድ ጉንጭ ያዘች። አፏ ውስጥ ቆየ፤ እስኪሞቅ ድረስ ቆየ። ከዚያ ዋጠችው። የቀረውን እጇን ዘርግታ መሬት ላይ አፈሰሰችው።

ሲሚንቶው ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ሁሉም መስመሩን በዓይኑ ተከተለ። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ሲንጠባጠብ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰማ።

«ምን አደረገች?» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

የቢሮው ሰዎች ብዙ አልቆዩም። መሪያቸው ትሑት ወጣት ነው፤ ጫማውን ግቢው በር ላይ ጠረገ፤ ለሁሉም ደህና አደራችሁ አለ። የሜላትን ልጅ ወደ ሕክምና የሚወስዱ ሁለት ሴቶች ከኋላው ነበሩ። ሜላት ከልጁ ጋር ወጣች። ከዚያ ወጣቱ ወደ ጣሪያው ሰው ልኮ ወደ ናርዶስ ተመለሰ።

«የማጠራቀሚያው ቁልፍ የማን ነው እናቴ?»

«የእኔ ነው» አለች። ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ከዚህ በላይ ልትል ሌሊቱን አጥንታ ያደረችው ዓረፍተ ነገር ነበር። የእጁን ንጽሕና እያየች ሳትናገረው ቀረች።

«ቁልፉ የእሷ ነው» አለ ከደረጃው ላይ አንድ ድምፅ። «እጁ የእኔ ነው።»

እትዬ ቃልኪዳን ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቢጫዋን ጀሪካን በእጃቸው ይዘው እየወረዱ ነበር። ወጣቱ ቦታ ለቀቀላቸው።

«መቼ ነው የጨመሩት እናቴ?»

«ትናንት ማታ።»

«ትናንት ጠዋት ውሃው ደህና ነበር ማለት ነው?»

ጥያቄው ለአሮጊቷ ይሁን ለቀማሿ ግልጽ አልነበረም። ናርዶስ አፏን ከፈተች።

«ትናንት ማታ ነው አልኩህ እኮ ልጄ፤ ጆሮህን ያምሃል?» አሉ እትዬ ቃልኪዳን።

ወጣቱ ቀና ብሎ በረንዳዎቹን በየተራ ተመለከተ። ትናንት ጠዋት ውሃው ይጣፍጣል ያሉት ጋሽ ያፌት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ፤ ምንም አልተናገሩም። የሳቁትም አልተናገሩም።

«አመሰግናለሁ» አለ ወጣቱ፤ የመኪናውንም በር ራሱ ከፈተላቸው።

እትዬ ቃልኪዳን ከመግባታቸው በፊት ዞር አሉ። «ናርዲዬ፣ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል እትዬ።»

«እንግዲያው ቁርስሽን ብዪ።»

ቦቴዎቹ እስከ ማታ ሳቡ። ናርዶስ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ወፍራሙ ቱቦ መጀመሪያ ይገታተር ነበር፤ ኋላ ላላ፤ መጨረሻ ላይ አየር ብቻ ስቦ አንኮራፋ። ፊራኦል አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ቱቦውን ጠቅልሎ ወደ አሸዋው ነዳ።

አሁን ብሎክ ዘጠኝ አዲስ ውሃ አለው። የሜላት ልጅ ተመልሷል፤ ጡጦውን በራሱ እጅ መያዝ ጀምሯል። ቢሮው የናርዶስን ፎቶግራፍ በየብሎኩ በር ላይ ለጥፏል፤ ያፈሰሰችው ቀማሽ ይሏታል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩዋት እጅ ይነሷታል፤ የብሎክ ዘጠኝ ሰዎች ግን ዓይኗን አያዩም፤ እሷም የእነሱን አታይም።

ጎህ ሲቀድ ወደ ግቢው ትወርዳለች። ትቀዳለች፤ ሁሉም እያያት ትጠጣለች። ምንም ጣዕም የለውም። ብርጭቆውን ትገለብጣለች፤ ውሃው በግድግዳዎቹ ውስጥ ይሮጣል።

በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ እትዬ ቃልኪዳን የሉም። በውሃው ውስጥ ኪሩቤል የለም።